ስለ ማዱራይዋ ሚናክሺ ቤተ መቅደስና ስለ እንግዳ ወግ

ይድረስ ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በጉዞ ማስታወሻ ዓምዳችሁ ላይ በደቡብ ሕንድ፣ በታሚል ናዱ ግዛት፣ በማዱራይ ከተማ ስላለው የሚናክሺ ቤተ መቅደስ የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ስለ ሕንድ ሃይማኖቶች በአማርኛ የሚጻፈው ጥቂት በመሆኑ ርእሱን ሳይ ደስ ብሎኝ ነበር። ሆኖም ጸሐፊው ከሂንዱ በቀር ማንም እንዳያልፍ የሚያሳስበውን ጽሑፍ አንብበው ሳለ፣ መልካችን ከታሚሎች መልክ ጋር መቀራረቡን ተጠቅመው፣ ግንባራቸውን ቀይ ዱቄት ተቀብተው ከምእመናኑ ጋር ወደ ውስጠኛው ክፍል ሾልከው መግባታቸውን እንደ ጀብዱ መተረካቸው አሳዝኖኛል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በዚያች ከተማ ለትምህርት ሁለት ዓመት ተኩል ስለኖርሁና ቤተ መቅደሱንም ደጋግሜ ስለጎበኘሁ ነው።

ጽሑፉ ስለ አሥራ አራቱ የበር ግንቦች፣ በተለይም 52 ሜትር ያህል ከፍታ ስላለው ስለ ደቡቡ ግንብ በሰፊው ያወሳል፤ ግንቦቹ የቆሙላት እንስት አምላክ ሚናክሺ ማን እንደሆነች ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር እንኳ አልነገረንም። የማዱራይ ሰዎች እንደሚተርኩት፣ ልጅ ያልነበራቸው፣ ማዱራይን ይገዛ የነበረው የፓንዲያ ሥርወ መንግሥት ንጉሥና ንግሥት በእሳት መሥዋዕት ሲለምኑ ከነበልባሉ ውስጥ ሦስት ጡት ያላት ሕፃን ወጣች። ደንግጠው ሳሉ እንደ ወንድ ልጅ ለንግሥና እንዲያሳድጓት፣ ሦስተኛው ጡቷም ባሏ የሚሆነውን ባየች ጊዜ እንደሚጠፋ የሚነግር ድምፅ ሰሙ። ልጅቱ አድጋ ነገሠች፤ አገር ስታስገብር ስታስገብር በሰሜን ካይላስ ተራራ ላይ ከሂንዱ ታላላቅ አማልክት አንዱ የሆነውን ሺቫን አገኘችው፤ ትንቢቱም በዚያው ደረሰ። ሺቫ ወደ ማዱራይ መጥቶ አገባት፤ በዚያም ሱንዳሬስዋራር፣ ማለትም መልከ መልካሙ ጌታ ተብሎ ይጠራል። እንግዲህ ሚናክሺ በራሷ ከተማ የነገሠች፣ ባሏም ወደ እርሷ አገር የመጣ ናት። ምእመናኑ አስቀድመው እርሷን፣ ከዚያ በኋላ እርሱን የሚሳለሙት ስለዚህ ነው።

ስሟ ዓሣ የሚመስሉ ዓይኖች ያሏት ማለት ነው። አከራዬ የነበሩት አሮጊት ዓሣ እንቁላሏን በዓይኗ ብቻ እየጠበቀች እንደምታሳድግ፣ እናታችን የሚሏት ሚናክሺም ከተማዋን እንዲሁ በዓይኗ እንደምትጠብቅ ነግረውኛል። ይህ በአገሩ ዘንድ የታወቀ ትርጓሜ ነው። ታሚሎች ሚናክሺን "አማን"፣ እናት እንደ ማለት፣ ብለው ይጠሯታል፤ እኔም አከራዬን የምጠራቸው "አማ" ብዬ ስለነበር ሁለቱ ጥሪዎች በጆሮዬ ተመሳስለው ቀርተዋል።

ከአማ ጋር መጀመሪያ የሄድሁ ዕለት ጫማችንን ከውጭ አስቀምጠን፣ ከበሩ አጠገብ በክንድ እየለኩ ከሚሸጡት ሴቶች ጉንጉን ጃስሚን ገዝተን ገባን። የወርቅ ሎተስ ከሚባለው ኩሬ ደረጃ ላይ ስንደርስ በእጃቸው የተቀመጥ ምልክት ሰጥተውኝ ብቻቸውን ወደ ውስጥ አለፉ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተው ሲመለሱ በወረቀት ቁራጭ የተጠቀለለ ቀይ ዱቄት፣ ኩንጉማም የሚሉትን፣ ይዘው ነበር። ጣታቸውን ወደ ግንባሬ ካነሡ በኋላ ግን በአንገቴ ያለውን ማተብ አይተው ቆም አሉ፤ ሃይማኖቴ ይፈቅድልኝ እንደሆነም ጠየቁኝ። እንደማይፈቅድልኝ በትሕትና ስነግራቸው ምንም ቅር ሳይላቸው ዱቄቱን አጥፈው በመቀነታቸው ቋጠሩትና ከአበባው ጥቂት ሰጡኝ። እኔ የእርሳቸውን በር አከበርሁ፣ እርሳቸውም የእኔን ማተብ አከበሩ። ጸሐፊው ለማለፊያ ብለው የተቀቡት ይኸው ዱቄት ለአማ ከእናታቸው እጅ የተቀበሉት በረከት መሆኑን ቢያውቁ ኖሮ ታሪኩን በዚያ አኳኋን የሚጽፉት አይመስለኝም።

በሰው ላይ በር መዝጋት መድልዎ ነው የሚል አንባቢ እንደሚኖር እገምታለሁ፤ ነገሩም ቀላል አይደለም። በዚህ ቤተ መቅደስ ታሪክ ውስጥ በእርግጥ መድልዎ የነበረ የተዘጋ በር አለ። የማይነኩ ተብለው የተገለሉት ወገኖች የእምነቱ ተከታዮች ሆነው ሳለ እንዳይገቡ ተከልክለው ኖረዋል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 8 ቀን 1939 ኤ. ቫይድያናታ አየር የተባሉት የነጻነት ታጋይ ከእነዚህ ወገኖች የተወሰኑትን አስከትለው በግልጽ፣ በቀን ገቡ። እነዚያ ሰዎች የገቡት በገዛ እናታቸው ፊት ለመቆም ነበር። ለማየት ብቻ የመጣ እንግዳ የሚያነሣው ጥያቄ ከእነርሱ ጥያቄ ጋር ሊነጻጸር አይችልም። በእኛም አገር ካህን ያልሆነ ሰው ታቦቱ ወዳለበት መቅደስ እንደማይዘልቅ እናውቃለን፤ አንድ የውጭ አገር ጎብኚ ነጠላ አጣፍቶ መጋረጃውን ገልጦ ገባሁ ብሎ ቢጽፍ ምን እንደሚሰማን ለመገመት አያዳግትም።

ደግሞም ለእንግዳ የተፈቀደው ክፍል ትንሽ አይደለም። 985 ዓምዶች ያሉት፣ የሺህ ዓምድ አዳራሽ የሚባለው ክፍል ብቻውን ግማሽ ቀን ይፈጃል። ማታ ቤተ መቅደሱ ከመዘጋቱ በፊት ካህናቱ የሱንዳሬስዋራርን የእግር ምስል መጋረጃ ባለው የሸክም ወንበር አድርገው፣ በከበሮና በረጅም መለከት ታጅበው ወደ ሚናክሺ መኝታ ክፍል ሲያደርሱት እንግዳም ከመተላለፊያው ዳር ቆሞ ያያል፤ እንደ ምእመናኑ እምነት ባልና ሚስቱ በየሌሊቱ አብረው ያድራሉ። በሚያዝያና በግንቦት ገደማ በሚውለው የቺቲራይ በዓል ጋብቻቸው ሲፈጸም ያገቡ ሴቶች የአንገታቸውን የጋብቻ ክር ያድሳሉ፤ በማግስቱም ሁለቱ በታላላቅ ሠረገሎች ሆነው በከተማው ጎዳናዎች ይዞራሉ።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍላችሁ በቀጣዩ እትም ስለ ክልከላው አጭር ማስተካከያ እንዲያወጣ በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ ጽሑፉን አንብበው በዚያው መንገድ ለመሄድ የሚያስቡ ተማሪዎቻችን ጥቂት አይሆኑም። ጸሐፊውም ተመልሰው የመሄድ ዕድል ካገኙ ዓርብ አመሻሽ ላይ በወርቅ ሎተስ ኩሬ ደረጃ ላይ እንዲቀመጡ እመክራለሁ። በዚያ ሰዓት የሚናክሺና የሱንዳሬስዋራር የወርቅ ምስሎች ወጥተው በኩሬው ዳር ባለው አዳራሽ በዥዋዥዌ ላይ ይቀመጣሉ፤ እየተዘመረላቸውም ቀስ ተብሎ ይወዘወዛሉ። ይህን ለማየት ማንም ግንባሩን መቀባት አያስፈልገውም።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ