ስለ ማዳም ፋቫር የወጣው ጽሑፍ ሙያዋን ዘሎታል

ውድ አዘጋጅ፣

በባህል ገጻችሁ ስለ ፈረንሳዊቷ የኦፔራ ኮሚክ ተዋናይት ጁስቲን ፋቫር ያወጣችሁት ጽሑፍ አጀማመሩ ጥሩ ነበር። ከሁለተኛው አንቀጽ በኋላ ግን ማርሻል ሞሪስ ደ ሳክስ ገባና እስከ መጨረሻው አልወጣም። አንባቢው ይዞ የሚቀረው አንድ ባለ ዝና ጄኔራል ያሳደዳትን ቆንጆ ሴት ብቻ ነው። ሴትዮዋ ከ1745 አንስቶ እስከ 1770ዎቹ መጀመሪያ መድረክ ላይ የኖረች ባለሙያ ናት፤ የማርሻሉ ጣጣ ከዚህ ውስጥ የበላው አራት ዓመት ያህል ነው። የቀረውን ሃያ ዓመት ብትፈቅዱልኝ ልሙላው። ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጁስቲን ዱሮንስሬ አቪኞን ውስጥ ጁን 15 ቀን 1727 ተወለደች። ወላጆቿ ሙዚቀኞች ነበሩ። ያደገችው ዙፋኑን ያጣው የፖላንድ ንጉሥ ስታኒስላስ ግቢውን ባቋቋመበት በሉኔቪል ነው። በ1745 ፓሪስ ላይ መድረክ ስትወጣ ማድሞዋዜል ሻንቲዪ በሚል ስም፣ «የፖላንድ ንጉሥ ዳንሰኛ» ተብላ ነው የተዋወቀችው። መነሻዋ ዳንስ መሆኑን ጽሑፋችሁ በአንድ ቃል አልፎታል፤ ኋላ በአልባሳት ላይ ያደረገችው ነገር ሁሉ ግን አካሉን ከሚያውቅ ሰው የመጣ ነው።

ኦፔራ ኮሚክንም «ቀለል ያለ ኦፔራ» ብላችሁታል። በጊዜው ነገሩ መጀመሪያ የሕግ ጉዳይ ነበር። ፓሪስ ውስጥ በፈረንሳይኛ ንግግር ብቻ የሚሠራ ተውኔት ኮሜዲ ፍራንሴዝ የተባለው ንጉሣዊ ትያትር ብቸኛ መብት ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚዘፈነው ደግሞ የኦፔራው፣ ማለትም የንጉሣዊው የሙዚቃ አካዳሚ ነው። በሁለቱ መካከል የቀሩት በየካቲት ግድም በሚከፈተው የሴን ዠርመን ገበያና በበጋው የሴን ሎራን ገበያ የሚሠሩ ቡድኖች ነበሩ። በ1710ዎቹ መጀመሪያ መናገርም መዝፈንም ሲከለከሉ ግጥሙን በትልልቅ ሰሌዳ እየጻፉ ከላይ ያወርዱት ጀመር፤ ሙዚቀኞቹ ዜማውን ይመታሉ፣ ተመልካቹ ይዘፍናል፣ ተዋናዩ አፉን ዘግቶ በእንቅስቃሴ ይጫወታል። መከልከሉ እንደማያዋጣ ሲታይ ኦፔራው የመዝፈን ፈቃዱን በዓመት ክፍያ ለገበያ ትያትሮች ይሸጥላቸው ጀመር። ግማሽ ንግግር ግማሽ ዘፈን የሆነው ቅርጽ የተወለደው ከዚህ የፈቃድ ንግድ ነው።

ዘፈኖቹ ቮድቪል ይባሉ ነበር። ሕዝቡ በቃሉ የሚያውቀው የመንገድ ዜማ ይወሰድና አዲስ ግጥም ይገጠምበታል፤ በታተመው ተውኔት ላይ ከየግጥሙ በላይ የአሮጌው ዘፈን ስም ይጻፋል። ተመልካቹ የጥንቱን ግጥም ስለሚያውቅ በአዲሱ ሥር ያኛው ይሰማዋል። ሰምና ወርቅ ለለመደ የእኛ አንባቢ ይህ ብዙ ማብራሪያ የሚጠይቅ አይመስለኝም። ሳንሱሩ የሚያነበው ሰሙን ነው፤ የሚያስቀው ግን ወርቁ ነው።

ከተዋናይት የሚፈለገው ሙያም ከዚህ ይመጣል። ዜማው አዲስ ስላልሆነ በድምፅ ውበት ማንንም አታስደንቅም፤ ሥራዋ ቃሉን ማድረስ ነው። ለአንድ ኖታ አንድ ቀለም፣ አጭር ግጥም፣ ከዚያ ወዲያው ወደ ንግግር መመለስ። እንደ ኦፔራ ዘፋኝ ማንጎራጎርና ማስጌጥ የጀመረች ተዋናይት ቃሉን ትሸፍነዋለች፣ ቀልዱም አብሮ ይጠፋል። ከንግግር ወደ ዘፈን ስትሻገር ትንፋሽ ለመሰብሰብ ከቆመችም ተመልካቹ «አሁን ልትዘፍን ነው» ብሎ ይዘጋጃል፤ ያኔ ትዕይንቱ ሁለት ቦታ ተሰብሯል ማለት ነው። የፋቫር ዝና የተገነባው ይህ መገጣጠሚያ እንዳይታይ በማድረግ ችሎታዋ ላይ ነው።

ፓሪስ መድረክ ላይ በወጣችበት በዚያው በ1745፣ ትልልቆቹ ትያትሮች ባደረጉት ግፊት ኦፔራ ኮሚክ የሚባለው የገበያው ቡድን ተዘጋ። ዲሴምበር ላይ የቡድኑን ደራሲና መሪ ሻርል ሲሞን ፋቫርን አገባች። ማርሻሉ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በ1746 በፍላንደርስ ለዘመተው ሠራዊቱ ትያትር ስላስፈለገው ባልየውን መሪ አድርጎ ብራስልስ አስመጣው። ይህ የጦር ሜዳ ትያትር ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል። ኦክቶበር 11 ቀን 1746 በተደረገው የሮኩ ጦርነት ዋዜማ ከመድረክ ለመኮንኖቹ የተነገረው፣ ነገ በውጊያው ምክንያት ትያትር አለመኖሩንና ከነገ ወዲያ ግን እንደሚቀጥል ነው። የቀረውን እናንተም ጽፋችሁታል፤ እምቢ አለች፣ ባልየው በትያትር ቤቱ ኪራይ ዕዳ ተከሶ ሸሸ፣ እሷም በ1749 መጨረሻ በንጉሣዊ የእስር ትእዛዝ ተይዛ በሌዛንድሊና በአንዠ ገዳማት ተቀመጠች። ማርሻሉ ኖቬምበር 30 ቀን 1750 ሞተ። ይህ ክፍል እዚህ ያበቃል።

የሙያዋ ዋና ዘመን ያለፈው ኦቴል ደ ቡርጎኝ በሚባለው የፓሪስ አዳራሽ ይሠራ በነበረው የጣልያኖች ትያትር፣ በኮሜዲ ኢታልየን ነው። ከመታሰሯ በፊት ኦገስት 5 ቀን 1749 በማሪቮ ተውኔት ሙከራዋን አድርጋ ነበር፤ በ1752 ባለ ድርሻ ሆነች። ይህን «ተቀጠረች» ብላችሁታል፤ አይደለም። ኮሜዲ ኢታልየን የተዋናዮች ማኅበር ነበር። ከቲኬቱ ገቢ የሻማው፣ የሙዚቀኞቹና የጠባቂዎቹ ወጪ፣ ለድሆች ሆስፒታሎች የሚገባው ግብርም ይቀነሳል፤ የተረፈው በድርሻ ይከፋፈላል። አዲስ ገቢ ሩብ ወይም ግማሽ ድርሻ ይዞ ይጀምራል። አዳራሹ ባዶ ሲሆን ባለ ድርሻው ባዶ እጁን ይገባል። ከበላይ ደግሞ የቤተ መንግሥቱ ሹማምንት አሉ፤ ማን እንደሚገባና ማን እንደሚወጣ የመጨረሻው ቃል የእነሱ ነው።

ለመድረክ የሚለበሰውንም በአብዛኛው የሚያሟላው ተዋናዩ ራሱ ነበር። ይህን ያልያዘ ሰው በ1753 «የባስቲየንና የባስቲየን ፍቅር» የተባለው ተውኔት ላይ ያደረገችው ለምን እንዳስደነገጠ አይገባውም። (የወንዱና የሴቷ ስም በፈረንሳይኛ ይለያያል፣ በእኛ ፊደል ግን አንድ ሆኖብኛል፤ ሴቷን ባስቲየንዋ እላታለሁ።) ሥራው የዣን ዣክ ሩሶ «የመንደሩ ጠንቋይ» ቀልደኛ ቅጂ ነው። ሩሶ እረኞቹን በተጣራ ፈረንሳይኛ ሲያዘፍናቸው እሷና አብሯት የጻፈው አርኒ በገበሬ አነጋገር አዘፈኗቸው። ልብሱ ግን ከአነጋገሩ ይብሳል።

እስከዚያ ድረስ የመድረክ እረኛ የምትለብሰው የቤተ መንግሥት እመቤት የምትለብሰውን ነው። ከወገብ በታች ግራና ቀኝ የተዘረጋ ባለ ማቀፊያ ሰፊ ቀሚስ፣ እስከ ክርን የሚደርስ ጓንት፣ ዱቄት የተነሰነሰበት ጸጉር፣ አልማዝ። ልብሱን የምትገዛው ራሷ ከሆነች፣ ጌጡም ስጦታ ከሆነ፣ ገረድም ተጫወተች ንግሥት ያላትን ሁሉ ማሳየቷ አያስገርምም። ፋቫር ይህን ሁሉ አውልቃ የገጠር ሴት የምትለብሰውን ተራ ቀሚስ ለበሰች፤ ጸጉሯን ሳታስጌጥ ተወችው፣ አንገቷ ላይ አንዲት የወርቅ መስቀል፣ ክንዷ ባዶ፣ እግሯ ላይ የእንጨት ጫማ።

ልዩነቱ ለዓይን ብቻ አይደለም። በሰፊው ቀሚስ ውስጥ ያለች ሴት ክንዷ ወደ ጎኗ አይወርድም፤ ሁልጊዜ ወደ ፊት ተቀስሮ ነው የሚቀረው። ተጓዳኟ ከአንድ ክንድ በላይ ሊጠጋት አይችልም፤ በጠባብ መግቢያ የምታልፈው በጎኗ ነው። ማቀፊያው ሲወጣ ፍቅረኞቹ መጠጋት ቻሉ፣ እጅ ሥራ አገኘ፣ መቀመጥና መነሳት ተቻለ። የእንጨት ጫማው ግን የራሱ ችግር አለው። አይተጣጠፍም፣ እርምጃን ያሳጥራል፣ ሳንቃ ወለል ላይ ደግሞ ይጮኻል። በዘፈን መሃል የተራመደ ሰው ግጥሙን በራሱ እግር ይሸፍነዋል፤ ስለዚህ ወይ ቆሞ መዝፈን ነው፣ ወይ እርምጃን ከምቱ ጋር ማስማማት። ለዚህ ነው ዳንሰኛ ነበረች ማለቴ።

አንዳንዱ ተመልካች የእንጨት ጫማውን እንደ ስድብ ቆጠረው። ደራሲው አቤ ደ ቯዝኖን ያን ጊዜ፣ ይህ የእንጨት ጫማ ለተዋናዮቹ የቆዳ ጫማ ይገዛላቸዋል ብሏል ይባላል። እንዳለውም ሥራው ብዙ ተመልካች አመጣ። የኮሜዲ ፍራንሴዟ ታላቅ የአሳዛኝ ተውኔት ተዋናይት ክሌሮን ሰፊውን ቀሚስ ትታ የወጣችው በኦገስት 1755፣ ማለትም ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ብዙ ጊዜ ግን የልብስ ለውጡ ለክሌሮን ይሰጣል፤ የቀልድ መድረክ ከአሳዛኙ ቀደመ ብሎ መጻፍ አሁንም ለብዙዎች ይከብዳል። የባስቲየንዋን ተውኔት ጽሑፍ መነሻ አድርጎ በተዘጋጀ የጀርመንኛ ግጥም ላይ የ12 ዓመቱ ሞዛርት በ1768 ቪየና ውስጥ ሙዚቃ ጽፎበታል።

በነሐሴ ግድም 1754 ደግሞ የጣልያናዊውን አቀናባሪ የፔርጎሌዚን «እመቤት የሆነች ገረድ» በፈረንሳይኛ ተጫወተች። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የጣልያን ዘፋኞች ይህንኑ ሥራ ኦፔራው ላይ አቅርበው የጣልያንና የፈረንሳይ ሙዚቃ ጠብ ተነሥቶ ነበር፤ ሩሶም በ1753 ፈረንሳይኛ ለሙዚቃ የማይሆን ቋንቋ ነው ብሎ ጽፏል። ቦራን ግጥሙን ተረጎመው፣ በዜማ ይባል የነበረውን ንግግር ወደ ተራ ንግግር ቀየረው፤ የፔርጎሌዚ ዜማ ግን በፈረንሳይኛ ቃል ተዘፈነ። ሕዝቡ ወደደው። የሩሶን ክርክር በጽሑፍ ከመለሱት ሁሉ ይልቅ ይህ ሥራ ጎድቶታል የሚል እምነት አለኝ።

በኤፕሪል 1761 በባሏ «ሦስቱ ሱልጣናዎች» ሮክስላንን ስትጫወት የለበሰችው በቁስጥንጥንያ፣ በዚያው አገር ጨርቅ የተሠራ ልብስ ነበር። ከባስቲየንዋ ተራ ቀሚስ ጋር መርሁ አንድ ነው፤ ገጸ ባሕርይዋ ከየት እንደሆነች ልብሱ ይናገር።

ከዚያ በኋላ ሥራው ከበዳት። በ1752 እንደገና የተከፈተው የገበያው ኦፔራ ኮሚክ የጣልያኖቹን ተመልካች ስለወሰደ በፌብሩዋሪ 1762 ሁለቱ ቡድኖች እንዲዋሃዱ ተደረገ። ክሌርቫልና ላሩዌት የመሳሰሉት ዘፋኝ ተዋናዮች ገቡ፤ ከእነሱም ጋር የአቀናባሪዎቹ የዱኒ፣ የፊሊዶርና የሞንሲኚ ሙዚቃ። አሮጌው ዜማ በአዲስ ግጥም መባሉ ቀርቶ አቀናባሪ ለየሥራው የጻፈው አሪያ መጣ። ይህ የሰለጠነ ድምፅ ይጠይቃል፤ እሷን ለዝና ያበቃት ግን ቃል እንጂ ድምፅ አልነበረም። በዚያው ወር «አኔትና ሉበን» ላይ የመንደር ልጃገረድ ሆና ስትወጣ 34 ዓመቷ ነበር። ሥራው ተሳክቶላታል፤ በዚያ ሚና ግን ለዘላለም መቆየት አይቻልም። እስከ ሕመሟ ድረስ ሠርታ በኤፕሪል 1772 ሞተች፣ 44 ዓመቷ ነበር።

በጽሑፋችሁ ሦስት ነገር ቢታረም ደስ ይለኛል። አንደኛ፣ «ባሏ የጻፈላት ተውኔቶች» የተባለው። በባሏ ተውኔቶች ስብስብ ውስጥ የእሷ ሥራዎች በስሟ ለብቻቸው ታትመዋል። ከዘመኗ ጀምሮ ሥራዎቿን ለባሏ ወይም ለቯዝኖን የሚሰጥ አልጠፋም፤ ከሰው ጋር መጻፍ ግን በዚያ መድረክ የወንዶቹም ልማድ ነበር፣ ለወንዶቹ ሲሆን ማንም አይነጥቃቸውም። ሁለተኛ፣ የፓሪሱ ሳል ፋቫር በእሷ ስም አልተሰየመም፤ በባሏ ስም ነው። የመጀመሪያው አዳራሽ የተከፈተው በ1783፣ እሷ ከሞተች ከ11 ዓመት በኋላ ሲሆን ሁለት ጊዜ ተቃጥሎ አሁን የቆመው በ1898 የተከፈተው ነው።

ሦስተኛው ሥዕሉ ነው። ያወጣችሁት ድሩዌ በ1757 የሣለው፣ እሷ ናት የምትባል ሴት ሃርፕሲኮርድ በተባለው የፒያኖ ቀዳሚ ፊት ተቀምጣ የምትታይበት ነው፤ ኒውዮርክ ያሉ አንባቢዎቻችሁ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ሄደው ሊያዩት ይችላሉ። ውብ ሥዕል ነው፣ ግን ሥራ ላይ ያለች ተዋናይትን አያሳይም። ካርል ቫን ሎ በባስቲየንዋ ልብስ የሣላትንና ዣን ዶሌ በ1754 በመዳብ የቀረጸውን ብታወጡት የእንጨት ጫማው ራሱ ይታያል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የትያትር ታሪክ ተከታታይ