ይድረስ ለልጄ፦ በፎሌ አትውረድ

ልጄ ሆይ፣ ለጤናህ እንዴት ነህ?

አንድ ቤት እያደርን ደብዳቤ መጻፌ ይገርምህ ይሆናል። ግን አንተ ሌሊት ትነዳለህ፣ ቀን ትተኛለህ። እኔም ፊት ለፊት ስናገር እቆጣለሁ፤ ስቆጣ ደግሞ አትሰማኝም። እናትህን ምሳ ዕቃህ ስር አስቀምጪልኝ ብያታለሁ።

ሐሙስ ሌሊት ነቅቼ ነበር። ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ ስትወርድ በደጃችን አለፍክ። የሲኖህ ሞተር ግን አይጮህም። የጎማ ድምፅ ብቻ ነው የሰማሁት። ሲሚንቶ ጭነህ፣ ማርሽ አውጥተህ በፎሌ ነው የወረድከው። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ናፍጣ ለማትረፍ ነው። ግን ሒሳቡ ልክ አይደለም። ማርሽ ውስጥ ሆነህ እግርህን ከነዳጅ ላይ ካነሳህ፣ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። ናፍጣ አይወስድም ማለት ይቻላል። በፎሌ ግን እንዳይጠፋ ሲል ይጠጣል። ያን ሁሉ ክብደት ደግሞ ለፍሬን ብቻ ትተወዋለህ። የፍሬኑ ሸራ ይግላል፤ ሲግል መያዙን ይተዋል። ደጋግመህ ስትረግጥ ፍሬኑን የሚያሠራው ንፋስ ይወርዳል፣ በዝግታ የሚዞር ሞተር ደግሞ ቶሎ አይሞላልህም።

ይህን የተማርኩት አባይ በረሃ ነው። ነግሬህ አላውቅም። ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ልጅ ነበርኩ፣ መኪናዋን በፎሌ ለቀቅኳት። መጀመሪያ የተቃጠለ ሸራ ሸተተኝ። ፍሬን ብረግጥ እግሬ ስር ምንም የለም። ማርሽ ልመልስ ብል ጮኸብኝ እንጂ አልገባም አለ። በቀኜ ገደል፣ በግራዬ ተራራ። ከተራራው ጋር እያላተምኩ አቆምኳት። እኔ ተረፍኩ። የረዳቴ እግር ግን ተሰበረ፤ እስከ ዛሬ ያነክሳል። ያተረፍኳት ናፍጣ አንድ ጀሪካን አትሞላም ነበር።

አንተ የምትወርድበት መንገድ እንደ አባይ በረሃ ረጅም አይደለም። ግን ሰው አለበት። ሊነጋጋ ሲል ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች ጎንበስ ብለው ነው የሚሄዱት፤ ዞር ብለው እንኳ ሊያዩህ አይችሉም። የሚሮጡት አትሌቶችም አሉ። ፍጥነትህ እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከያዝክ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልግህ ርቀት አራት እጥፍ እንደሚሆን አስብ።

ቁልቁለቱ ሳይጀምር፣ አናቱ ላይ ሆነህ ከባድ ማርሽ አስገባ። በምትወጣበት ማርሽ ውረድ፣ ካስፈለገም ከዚያ በታች። ከዚያ የሞተር ፍሬኑን ተጠቀም። እግር ፍሬኑ ላይ እግርህን ጥለህ አትውረድ፤ ጠንከር አድርገህ ያዝና ልቀቅ። ሳትነሳ ንፋሱ መሙላቱን እይ፣ ረዳትህም ጎማ ስር የሚደረገውን ታኮ ይያዝ።

ከባድ መኪና ከተማ የሚገባበት ሰዓት ስለተገደበ ሁሉም በዚያች ሰዓት እንደሚጣደፍ አውቃለሁ። አንድ ቢያጆ፣ አንድ ምልልስ ቢቀርብህ ይቅር። ከደከመህ ሱሉልታ ላይ አቁመህ ተኛ። ባለንብረቱ ስለ ናፍጣም ሆነ ስለ ቢያጆ ከጠየቀህ ስልኬን ስጠው፣ እኔ አነጋግረዋለሁ።

ዛሬ ማታም ነቅቼ እጠብቃለሁ። ሞተሩ እየጮኸ ሲያልፍ ስሰማ እተኛለሁ።

አባትህ