ግድግዳ ከማፍረሳችሁ በፊት ቤታችሁን እወቁት፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። ፋሲካ አልፎ አየሩ ሞቅ ሲል ስልካችን ዕረፍት የለውም። አንዱ «ልጄ ሳትመረቅ ቤዝመንቱን (ምድር ቤቱን) ጨርሱልኝ» ይላል። ሌላዋ «ኩሽናውንና ሳሎኑን የሚለየው ግድግዳ ይነሳልኝ፣ ቤቱ ይስፋ» ትላለች። እናቱን ከአዲስ አበባ የሚያመጣው ደግሞ «እማዬ ጉልበቷን ያማታል፣ ደረጃ አትችልም፣ ምን ይሻላል?» ብሎ ይጠይቀናል። ሁሉም ተገቢ ጥያቄ ነው። እኛ ግን ዋጋ ከመናገራችን በፊት መልሰን እንጠይቃለን፦ ቤቱ መቼ ተሠራ? ምን ዓይነት ቤት ነው? «ይሄ ለዋጋው ምን ያደርግላችኋል?» የሚሉን ብዙ ናቸው። ለምን እንደምንጠይቅ ዘንድሮ በጽሑፍ ልናስረዳችሁ ወደድን።

የምንሠራው በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን አካባቢ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በዊተን፣ በአሌክሳንድሪያና በዙሪያው ነው። እዚህ ያሉት ሠፈሮች አብዛኞቹ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሠሩ ናቸው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እንጽፋለን)። በ1934 የተቋቋመው የፌዴራል ቤቶች አስተዳደር የባንክ ብድርን ዋስትና ይሰጥ ጀመር። በ1944 ከጦር ሜዳ ለተመለሱ ወታደሮች በትንሽ ወይም ያለ ቅድሚያ ክፍያ ቤት የሚያስገዛ ሕግ ወጣ። ዋሽንግተንን የሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌይ፣ በ1964 ሲያልቅ፣ ትናንት እርሻ የነበረው መሬት ከከተማው ሥራ ቦታ የግማሽ ሰዓት መንገድ ሆነ። የእግረኛ መንገድ የሌላቸው፣ የሚጠማዘዙና መውጫቸው የተዘጋ ሠፈሮች የመጡት ያኔ ነው። ታስበው የተሠሩት ለመኪና ነው። ለክርስትና ወይም ለለቅሶ እንግዳ ሲበዛ የመኪና ማቆሚያ የሚጨንቀን፣ ሠፈሩ ሲነደፍ የአንድ ቤተሰብ መኪና ብቻ ስለታሰበ ነው።

ቤቶቹ በብዛትና በፍጥነት ተሠሩ። ሌቪት የሚባለው ቤት ሠሪ ከ1947 እስከ 1951 በኒው ዮርክ ሎንግ አይላንድ ከ17,000 በላይ ቤት ገነባ። በኋላም እዚህ ሜሪላንድ ቦዊ ላይ ትልቅ ሠፈር ሠራ። ሌሎቹ ግንበኞችም መንገዱን ተከተሉ። ስለዚህ በአንድ መንገድ ላይ ያሉ ቤቶች ከአንድ ቅድ እንደተሰፋ ልብስ ናቸው። ይሄ ይጠቅማችኋል። የጎረቤታችሁ ቤዝመንት ውሃ ከገባበት፣ የእናንተም ሊገባበት ይችላል። ጎረቤት ግድግዳ አንስቶ ከሆነ ምን እንዳገኘ ጠይቁት። ከኛ የተሻለ መረጃ ሊሰጣችሁ ይችላል።

እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እንበል። ቤት ሲገዙ የድሮ ሰነድ ውስጥ «ለጥቁር አይሸጥም» የሚል አንቀጽ አይተው የደነገጡ ደንበኞች አሉን። አንቀጹ ዛሬ ዋጋ የለውም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1948 ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን ውል ማስፈጸም እንደማይችሉ ወስኗል፤ የ1968ቱ የፍትሐዊ መኖሪያ ሕግ ደግሞ በዘር ለይቶ አልሸጥም ማለትን ራሱን ከለከለ። ሌቪት ቦዊ ላይ ለጥቁር አልሸጥም ሲል በ1963 ሰው በር ላይ ቆሞ ተቃውሞታል። ዛሬ በነዚያ ሠፈሮች የቡና ዕጣን ይሸታል። ይህን ስናስብ በየቤቱ የምንሠራው ሥራ ለኛ ትልቅ ትርጉም አለው።

ወደ ቤቱ ዓይነት እንመለስ። ራምብለር የሚባለው ባለ አንድ ፎቅ ረጅም ቤት ለእናት ለአባት የሚሆን ነው። መኝታውም፣ መታጠቢያውም፣ ኩሽናውም አንድ ወለል ላይ ነው። ስፕሊት ሌቭል ግን በግማሽ በግማሽ ደረጃ የተከፋፈለ ነው። በተለይ ስፕሊት ፎየር የሚባለው በሩን ከፍታችሁ ስትገቡ ወዲያው ወይ ወደ ላይ ወይ ወደ ታች ያስኬዳችኋል። ደረጃውን ማጥፋት አይቻልም። የሚሻለው የታችኛው ወለል ከውጭ በደረጃ ሳይሆን በቀጥታ የሚገባበት በር ካለው፣ እዚያው መኝታና መታጠቢያ ማዘጋጀት ነው። ኮሎኒያል ደግሞ መኝታዎቹ ሁሉ ፎቅ ላይ ናቸው። እዚያ የምንመክረው ብዙ የማይበላበትን የምግብ ክፍል መኝታ ማድረግና አጠገቡ ያለችውን ትንሽ መጸዳጃ ቤት አስፍቶ ሻወር መጨመር ነው። ቧንቧው እዚያው ስላለ ወጪው ይቀላል።

አሁን ሁሉም ወደሚፈልገው ነገር እንምጣ፤ ግድግዳ ማንሳት። ራምብለር ውስጥ ቤቱን በቁመቱ መሃል ለመሃል የሚሰነጥቀው ግድግዳ ብዙ ጊዜ ተሸካሚ ነው። ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ። ኮርኒስ ያልተመታበት ቤዝመንት ካላችሁ ውረዱና ወደ ላይ እዩ። ጆይስት የሚባሉት የወለል እንጨቶች ከፊትና ከኋላ መጥተው መሃል ላይ የሚነባበሩበት ቦታ አለ። ከሥሩ የብረት ወይም የእንጨት ወራጅ፣ ከወራጁ ሥር ምሰሶዎች ታገኛላችሁ። ከዚያ መስመር በላይ ያለው ግድግዳ የጣሪያውን ክብደት ተሸክሞ ወደ ምሰሶዎቹ የሚያወርድ ሊሆን ይችላል። እሱን ማንሳት ይቻላል። ግን በቦታው ወፍራም ወራጅ ይገባል፤ ክብደቱ በሁለቱ ጫፍ ምሰሶዎች በኩል እስከ መሠረቱ ይወርዳል። የመሐንዲስ ስሌትና የካውንቲ (የአካባቢው አስተዳደር) ፐርሚት፣ ማለትም የግንባታ ፈቃድ፣ ያስፈልገዋል። «ወንድሜ በቅዳሜ ቀን ያነሳዋል» የሚባል ሥራ አይደለም። ጣሪያው ወዲያው ባይወድቅ እንኳ፣ በዓመት በሁለት ዓመት ቀስ እያለ ይወርዳል፣ በሩ አልዘጋ ይላል፣ ኮርኒሱ ይሰነጠቃል።

የኛ ሐሳብ ደግሞ ይህ ነው፦ ግድግዳውን ሙሉ በሙሉ አታንሱት። መጽሔት ላይ የምታዩት ክፍት ኩሽና ሳንድዊች ለሚሠራ ቤተሰብ ያምራል። የኛ ቤት ሽንኩርት ይቁላላል፣ በርበሬ ይገባል፣ ቅቤ ይነጠራል። ግድግዳው ከሌለ ቁሌቱ ሶፋው ላይ ይሰፍራል፣ የእንግዳ ካፖርት ላይ ይቀራል። በ6 ፊት (ጫማ) ስፋት ከፍታችሁ ተንሸራታች በር ብታስገቡ ብርሃኑም ይመጣል፣ ሽታውም ይያዛል። ብዙ ደንበኞቻችን ይህን መርጠው ደስ ብሏቸዋል።

ከምድጃው በላይ ሆኖ ጭስ የሚስበው መሣሪያም አየሩን ወደ ውጭ የሚያወጣ ይሁን። ብዙ ቤት ያለው አየሩን አጣርቶ መልሶ ፊታችሁ ላይ የሚለቀው ነው፤ ለበርበሬ ምንም አይፈይድም። ትልቅ ስትገዙ ግን አስጠንቅቁን። በደቂቃ ከ400 ኪዩቢክ ፊት በላይ አየር የሚስብ ከሆነ በምትኩ አየር የሚያስገባ መንገድ መሥራት ግዴታ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱም ቤቱ አየር ሲያጥረው ቤዝመንት ካለው የጋዝ ውሃ ማሞቂያ ጭስ ማውጫ ይስባል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። ቡና ሲቆላ የጭስ ማንቂያው ጮኸብኝ ብላችሁም ባትሪውን አታውጡ። ከምድጃው ራቅ ወዳለ ቦታ ልናዛውርላችሁ እንችላለን።

ስለ ምጣዱ ደግሞ ጠለቅ ብለን እንናገር። እዚህ አገር የሚሸጡት ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ ምጣዶች 1,500 ዋት ናቸው። በ120 ቮልት 12.5 አምፔር ማለት ነው። ባለ 15 አምፔር መስመር ለረጅም ሰዓት በደህና የሚሸከመው 12 ብቻ ነው። እንጀራ ጋገራ ደግሞ የአምስት ደቂቃ ሥራ አይደለም፤ ሁለት ሦስት ሰዓት ሊሄድ ይችላል። ጋራዥ ወይም ቤዝመንት ውስጥ በኤክስቴንሽን ሲሆን ይብሳል። ሶኬቱ ቡናማ ሆኖ፣ ጫፉ ቀልጦ ያየንባቸው ቤቶች አሉ። ቤታችሁ ከ1965 እስከ 1973 ባለው ጊዜ ከተሠራ ደግሞ ሽቦው አሉሚኒየም ሊሆን ይችላል። አሉሚኒየም በመገጣጠሚያው ላይ እየላላ ይሞቃል፤ በባለሙያ መታከም አለበት። ለምጣዱ የራሱ የሆነ ባለ 20 አምፔር መስመር እንስብላችሁ። ከምንሠራው ሁሉ ርካሹ እሱ ነው፤ ከእሳት የሚያድናችሁም እሱ ነው።

ዓመቱ ሌላም ነገር ይነግረናል። ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት ቀለሙ እርሳስ ሊኖረው ይችላል። እርሳስ ለሕፃን አእምሮ መርዝ ነው። ግድግዳ ስትፍቁ አቧራው መሬት ላይ ይቀመጣል፣ የሚድኸው ልጅ በእጁ ወደ አፉ ይወስደዋል። በእንዲህ ያለ ቤት ቀለም የሚነካ ባለሙያ በሕግ ልዩ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ እኛንም ጨምሮ ማንንም ጠይቁ። ከ1978 እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ በተሠሩት ደግሞ ግራጫ የፕላስቲክ ቧንቧ ካያችሁ ንገሩን። ፖሊቢዩቲሊን ይባላል፤ ሳይታሰብ የሚፈነዳ ስለሆነ ቤዝመንት ከማሳመራችን በፊት ቀይረን መገላገል ይሻላል።

ቤዝመንት ላይ ቅደም ተከተሉን አታዛቡብን። መጀመሪያ ውሃው ነው። ግድግዳው ላይ ነጭ ዱቄት መሰል ነገር ወይም የእርጥበት መስመር ካለ፣ ከውጭ ጀምሩ። አሸንዳው ይጸዳ፣ ውሃው ከቤቱ ራቅ ብሎ ይውረድ። አፈሩ ከግድግዳው በመጀመሪያው 10 ፊት ውስጥ 6 ኢንች እንዲያዘቀዝቅ ይደረግ። ብዙ ቤት በዚህ ብቻ ደርቋል። ፓምፕ የሚታሰበው ከዚያ በኋላ ነው። ቀጥሎ ራዶን ይለካ። ከአፈር የሚወጣ፣ የማይታይና የማይሸት ጋዝ ነው፤ የሳንባ ካንሰር ያመጣል። በአንድ ሊትር አየር 4 ፒኮኩሪ (የራዶን መለኪያ) ላይ ከደረሰ ማስወጫ ቧንቧ ይገባል፣ ወለሉ ከመሸፈኑ በፊት ቢሆን ይመረጣል። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከ2016 ጀምሮ ቤት ሲሸጥ እንዲለካ ያስገድዳል።

ቤዝመንት ውስጥ ሰው የሚተኛ ከሆነ መውጫ መስኮት የግድ ነው። ክፍተቱ በአብዛኛው ቢያንስ 5.7 ስኩዌር ፊት፣ የታችኛው ጠርዝ ከወለሉ ከ44 ኢንች ያልበለጠ መሆን አለበት። ቁጥሩ የወጣው የእሳት አደጋ ሠራተኛ ከነመሣሪያው እንዲገባበት፣ የተኛውም እንዲወጣበት ታስቦ ነው። «ለዘመድ ነው፣ ለኪራይ አይደለም» የሚሉን አሉ። እሳት ዘመድና ተከራይ አይለይም። ያለዚህ መስኮት መኝታ ክፍል አንሠራም፤ ሥራውን ብናጣም አንሠራም። ሁለተኛ ኩሽና አስገብታችሁ ማከራየት ካሰባችሁ ደግሞ የካውንቲውን የኪራይ ፈቃድ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ስለ ገንዘብ አጭር ቃል። ሜሪላንድ ውስጥ የቤት እድሳት ባለሙያ የክልሉ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ ቅድሚያ ክፍያም ከጠቅላላው ዋጋ ከሲሶ በላይ መቀበል በሕግ ክልክል ነው። ግማሹን አምጡ የሚላችሁ የአገር ልጅም ቢሆን አትስጡ። ፐርሚትም «ጊዜ ይፈጃል» ተብሎ አይታለፍ። ያለ ፐርሚት የተሠራ ቤዝመንት ቤቱ ሲሸጥ ይወጣል፤ ያኔ ድራይዎሉ (የግድግዳው ሽፋን) ተቀዶ ሽቦው ይታያል፣ ወጪው ድርብ ይሆናል።

እንድንመጣ ስትደውሉ እነዚህን በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ላኩልን፦ ቤቱ የተሠራበት ዓመት (በንብረት ግብር መዝገብ ላይ አለ)፣ በሩ ተከፍቶ የተነሳ የብሬከር ሳጥን (የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ) ፎቶ፣ የቤዝመንቱ ጣሪያና ግድግዳ ፎቶ፣ ቤት ስትገዙ የተሰጣችሁ የኢንስፔክሽን (የቤት ምርመራ) ሪፖርት ካለ እሱንም። ማን ማን እንደሚኖርበት፣ በዓል ሲሆን ስንት ሰው እንደሚመጣባችሁም ጻፉልን። እንጀራ የት እንደምትጋግሩም አትርሱ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የቤት እድሳት ድርጅታችሁ ባልደረቦች