የንባብ ክፍለ ጊዜው ይቀጥላል፦ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ልጅ ላላችሁ ወላጆች በሙሉ

ድሬዳዋ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣ እንደምን ከረማችሁ።

የፈተና ፕሮግራም በየክፍሉ በር ላይ ይለጠፋል፣ ሙቀቱ ገና ስላልበረደ ልጆች የውሃ ኮዳ ይዘው ይምጡ፣ ባጃጅ ደግሞ እባካችሁ በሩ አፍ ላይ አታስቁሙ። ሌላው ሁሉ እንደነበረ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ዘንድሮ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ጠዋት የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ለአማርኛ ንባብ ብቻ አድርገነዋል። ለዚህም ትምህርት ቤቱ በራሱ ጨምሮት ከነበረው የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ቀንሰናል። በካሪኩለሙ ያለው የእንግሊዝኛ ትምህርት አልተነካም፣ ይሄን ደጋግሜ ብናገርም አሁንም "እንግሊዝኛ ተሰረዘ" የሚል ወሬ እየሰማሁ ነው። አልተሰረዘም። ቅሬታ ግን በዝቷል፣ ቢሮ ድረስ የመጣም አለ፣ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ እኩለ ሌሊት የጻፈም አለ፣ ልጄን አስወጣለሁ ያለም አለ። ሁሉንም በአክብሮት አንብቤያለሁ፣ ወላጅ ለልጁ ሲቆጣ ደስ ይለኛል እንጂ አይከፋኝም። ግን ክፍለ ጊዜው አይነሳም። ለምን እንደማይነሳ እስኪገባችሁ ድረስ ላስረዳ፣ ትንሽ ይረዝማልና ታገሱኝ።

አንድ የ3ኛ ክፍል ልጅ ከነእናቷ ቢሮዬ መጣች። ማን እንደሆነች አልናገርም። እናት የመጣችው "ልጄ ከክፍሏ የደረጃ ተማሪ ናት፣ እንዴት ንባብ ይቀራታል ብላችሁ ወረቀት ትልካላችሁ" ብላ ነው። መጽሐፉን ከፈትኩላት፣ ልጅቷም ምንባቡን ከላይ እስከታች ሳትደናቀፍ ወረደችው፣ እናት ፊቷ በራ። እኔ ግን ጣቷን ነበር የማየው። አፏ የአንቀጹ መጨረሻ ሲደርስ ጣቷ ገና ሁለት መስመር ወደ ኋላ ነበር። ከዚያ ከዛው ገጽ ላይ ሶስት ቃል ወስጄ ቅደም ተከተሉን ቀይሬ ወረቀት ላይ ጻፍኩላት፣ "ላሟ ሳር በላች"፣ ሌላ ምንም የለውም። ዝም አለች። "ሳ" ጋ ስትደርስ ከጠረጴዛው ስር በጣቷ ሰ ሱ ሲ ሳ ብላ ስትቆጥር አየኋት። ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም፣ እንደውም ሰነፍ ብትሆን ኖሮ ያን ሁሉ ገጽ በቃሏ አትይዝም ነበር። ማንም አላወቀባትም እንጂ ሶስት ዓመት ሙሉ በጆሮዋ ነው የተማረችው። እንዲህ ያለ ልጅ በየክፍሉ አለ፣ የእናንተም ልጅ ሊሆን ይችላል።

ችግሩ የሚመጣው ከዚህ ነው። የኛ ፊደል ዋናው ገበታ 33 ፊደል በ7 ቤት ሲባዛ 231 ነው፣ ሏ ሟ ቋ የሚባሉት ዲቃሎች ሳይቆጠሩ። ልጅ ይሄን በዜማ ሲወርደው ያወቀው ይመስላል፣ ግን የሚያውቀው ተራውን ነው፣ ፊደሉን ከተራው አውጥተህ ስታሳየው ለ እና ሰ፣ ነ እና ኘ፣ ደ እና ጀ ይምታታበታል። ይሄ ደግሞ አዲስ ግኝት አይደለም። የቄስ ትምህርት ቤት የተማራችሁ ታውቁታላችሁ፣ የኔታ ሀሁን ካስጨረሱ በኋላ አቡጊዳ ያስገባሉ፣ አ ቡ ጊ ዳ እያለ ተራውን የሚበጣጥሰው ልጁ በዜማ እንዳይሸመድድ ነው፣ ከዚያ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያ ዳዊት፣ ፊደሉ የሚጠቆምበት ስንደዶ ደግሞ ከፊደሉ ላይ ዝንፍ አይልም። ቁርአን ቤት የሄዳችሁም ሎሁ (የእንጨት ሰሌዳው) ላይ ፊደል በፊደል እየተነገራችሁ ነው ያለፋችሁት። አባቶቻችን ያለ ኤሲ፣ ያለ ስማርት ቦርድ የሚያውቁትን ነገር እኛ ከፍለን የምናስተምር ሰዎች ለምን እንተወዋለን?

አንዳንድ ወላጅ "ይሄ የመንግስት ትምህርት ቤት ችግር ነው፣ እኛ ፕራይቬት ነው የምናስተምረው" እንደሚለኝ አውቃለሁ። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተደረገው የንባብ ጥናት ከ2ኛ ክፍል ልጆች ከሶስቱ አንዱ ገደማ ከቀረበለት ምንባብ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻለም። የዓለም ባንክም በኢትዮጵያ 10 ዓመት ከሆናቸው ልጆች 90 ከመቶ ያህሉ ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም ይላል። ዩኒፎርም መልበስና በባጃጅ መመላለስ ልጅን ከዚህ ቁጥር አያወጣውም። የ12ኛ ክፍልን ውጤት ደግሞ ሁላችንም ሰምተናል፣ በ2014 ዓ.ም. 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ነበሩ፣ በ2017 ዓ.ም. ተሻሻለ ተብሎ 8.4 ከመቶ። ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ሁሉንም በንባብ አላሳብብም፣ ግን የፊዚክስ ጥያቄ ሁለቴ አንብቦ ምን እንደተጠየቀ ያልገባው ልጅ ፊዚክስ ቢያውቅም ባያውቅም ያው ነው። ያ ልጅ የተሸነፈው 12ኛ ክፍል ላይ አይደለም፣ 2ኛ ክፍል ላይ ነው፣ ያኔ ግን ካርዱ ላይ 90 ተጽፎለት ሁላችንም አጨብጭበንለታል።

"እኛ የከፈልነው ለእንግሊዝኛ ነው።" ይሄ ዋናው ቅሬታ ነው፣ ስለዚ ዝም ብዬ አላልፈውም። እንግሊዝኛ እንዲችሉ እኔም እፈልጋለሁ፣ 9ኛ ክፍል ሲገቡ ሁሉም ትምህርት በእንግሊዝኛ እንደሆነ ጠፍቶኝ አይደለም። ግን ልጅ ማንበብን የሚማረው አንዴ ነው። ምልክቱ ድምፅ እንደሆነ፣ ድምፁ ሲገጣጠም ቃል እንደሚወጣው፣ ቃሉ የሚያውቀው ነገር ስም እንደሆነ በሚናገረው ቋንቋ ከገባው ወደ እንግሊዝኛ ይዞት ይሄዳል። በሚናገረው ቋንቋ ሳይገባው እንግሊዝኛ ላይ ከጀመረው ግን ቃሉን አውጥቶ እንኳ ትክክል ይሁን አይሁን የሚያመሳክርበት ነገር የለውም፣ ምክንያቱም ቃሉን ሰምቶት አያውቅም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አሁን እንግሊዝኛ "እያነበቡ" ያሉ ልጆቻችንን ጠጋ ብላችሁ ጠይቋቸው፣ ያነበባችሁት ምንድነው በሏቸው። እኔ ጠይቄያለሁ፣ መልሱን ብትሰሙት እናንተም ክፍለ ጊዜውን ቀይሩልን ትሉኝ ነበር።

"ቤታችን የምንናገረው ኦሮምኛ ነው፣ ሶማሊኛ ነው፣ አደርኛ ነው፣ አማርኛ ንባብ ለኛ ልጅ ምን ያደርግለታል" ያላችሁም አላችሁ። ድሬ ናት፣ ልጆቻችን ሰፈር ሲጫወቱ ሶስት ቋንቋ ያቀላቅላሉ፣ ይሄ ሀብት ነው እንጂ ጉድለት አይደለም። እኛ የምናስተምረው በአማርኛ ስለሆነ ንባቡን በአማርኛ እናስጀምራለን፣ እናንተ ደግሞ ቤት ስትገቡ ያነበበውን ታሪክ በቤታችሁ ቋንቋ እንዲያወራላችሁ ጠይቁት። በኦሮምኛ ካወራው ገብቶታል ማለት ነው። በቁቤ የተጻፈ የኦሮምኛ ወይም በላቲን ፊደል የተጻፈ የሶማሊኛ መጽሐፍ ቤት ካላችሁ ደግሞ አስነብቡት፣ እኔ አልቃወምም፣ ይጠቅመዋል።

ሁለተኛው ነገር የንባብ ደብተሩ ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ሆዴ ተቆጥቷል፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ልጁ ማታ ማታ 15 ደቂቃ ድምፁን አውጥቶ ለቤተሰብ ያነባል፣ የሰማው ሰው ይፈርማል፣ በቃ ይሄው ነው። የሚመጣልን ደብተር ግን ከሰኞ እስከ አርብ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ፣ በአንድ ጊዜ የተፈረመ ነው። የአንዱ ልጅ እንደውም የሚቀጥለው ሳምንትም ተፈርሞ መጥቷል። እኔ ራሴ እለምናችኋለሁ፣ ካልሰማችሁ አትፈርሙ። ባዶ ደብተር ይሻለኛል፣ ባዶውን ካየን ልጁን ቀን እኛ እናስነብበዋለን። ፊርማው ካለ ግን ቤት ተነቧል ብለን እናልፈዋለን፣ ልጁ በመሀል ይቀራል።

ጊዜ የለንም ትላላችሁ። ከፊራ ገበያ ሱቅ የሚውል አለ፣ ማታ ሁለት ሰዓት የሚገባ አለ፣ ይገባኛል። ግን ከሰዓት በኋላ ድሬ ምን እንደምትመስል ሁላችንም እናውቃለን፣ ፀሐዩ ሲከብድ ሰው ቤቱ ይገባል፣ በርጫውም ላይ ቢሆን ሶስት አራት ሰዓት እንቀመጣለን። ከዛ ላይ 15 ደቂቃ ልጁን አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ ስሙት። መጽሐፍ ከሌለ የመብራት ቢል ያንብብ፣ የፓስታ ካርቶን ያንብብ፣ ከከዚራ ሳቢያን ስትሄዱ የሱቅ ታፔላ ያንብብ፣ የባጃጅ ጀርባ ላይ ያለውን ጥቅስ ያንብብ። ልጅ ያልጠበቀውን ቃል ሲያገኝ ነው ማንበቡ የሚታወቀው።

"እኔ ራሴ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ምን ልሰማው" ያሉኝ አንዲት አያት አሉ፣ የሳቸውን ጥያቄ ከሁሉም በላይ አክብሬዋለሁ። መልሴ ይሄ ነው፦ እማማ፣ እርስዎ ይበቃሉ። ፊደላችን ድምፁ የሚጠብቅበትንና የሚላላበትን አያሳይም። "ገና" ተብሎ የተጻፈውን በዓሉ ነው ወይስ "ገና ነው" የምንለው፣ "አለ" የተባለው ተናገረ ነው ወይስ አለ ነው፣ የሚለየው በአረፍተ ነገሩ ሀሳብ ብቻ ነው። ቋንቋውን የሚያውቅ ጆሮ ደግሞ ልጁ አላልቶ ሲስት ወዲያው ይሰማዋል። "እሱ እንዲህ አይባልም፣ እስቲ መልሰህ በለው" ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብዎት። ለዚህ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም።

አስጠኚ ቀጥረናል የምትሉ ደግሞ አስጠኚው ምን እያሰራ እንደሆነ እዩት። አብዛኛው የቤት ስራውን ራሱ አንብቦለት፣ ራሱ ተርጉሞለት፣ ልጁ መልስ ብቻ ይጽፋል። ደብተሩ ያምራል፣ ማርኩ ይወጣል፣ ልጁ ግን አላነበበም። አስጠኚው ዝም ብሎ ልጁ ያንብብ፣ ቢቆይም ይቆይ፣ ቃሉን ቶሎ ከአፉ አይንጠቀው።

ፍጥነት ለምን ትለካላችሁ፣ ልጆቹን ሩጫ አደረጋችሁት ያሉም አሉ፣ አንዱ አባት "አቦ ልጄን አታጨናንቁብኝ" ብሎ ነው የጻፈልኝ። ሩጫ አይደለም። አንድ ደቂቃ አስነብበን ስንት ቃል በትክክል እንዳነበበ እንቆጥራለን፣ ከዛ ስለ ምን እንደሆነ እንጠይቀዋለን። ልጁ እያንዳንዷን ፊደል እየታገለ ከሄደ አረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሲደርስ መጀመሪያው ጠፍቶበታል፣ ልፋቱ ሁሉ ፊደሉ ላይ አልቆ ለሀሳቡ የሚተርፍ አይኖረውም። የምንለካው ያን ለማወቅ ነው። ውጤቱ ደረጃ ላይ አይገባም፣ ክፍል ውስጥ አይነበብም፣ ለእናንተ ብቻ ታሽጎ ይላካል። የእከሌ ልጅ ስንት አመጣ ብላችሁ ግሩፑ ላይ መጻፋችሁን ግን እባካችሁ ተዉት፣ ልጆቹ እኮ ስልካችሁን ያዩታል።

በስተመጨረሻ፣ ንባብ የሚቀረው ልጅ ወደ ታች ክፍል ይወርዳል ወይ ለሚለው፣ አይወርድም። በክፍሉ ይቀመጣል፣ የንባብ ክፍለ ጊዜው ላይ ብቻ እንደ ችሎታው በቡድን ይሆናል፣ የ3ኛ ክፍል ልጅ ከ2ኛ ክፍል ልጅ ጋር አብሮ ፊደል ሊለይ ይችላል። ይሄን እንደ ውርደት የቆጠራችሁ ወላጆች አላችሁ። ልጆቹ ግን አልቆጠሩትም፣ ያቺ ቢሮዬ የመጣችው ልጅ አሁን በአቡጊዳ ተራ ስትጠየቅ ጣቷን አትቆጥርም፣ ሌላውን ገና ትለፋበታለች።

ቅዳሜ ጠዋት 3፡00 ሰዓት ትምህርት ቤቱ ክፍት ነው። ቅሬታ ያለው ሁሉ ይምጣ፣ ግን ልጁን ይዞ ይምጣ። ልጁ ከዚህ በፊት ያላየውን አንድ ገጽ ከፊታችሁ ያነባል፣ ከዛ ስለ እንግሊዝኛውም ስለ ክፍያውም የፈለጋችሁትን ያህል እንነጋገራለን። መምጣት የማትችሉ የንባብ ደብተሩ መጨረሻ ገጽ ላይ ጻፉልኝ፣ ራሴ አነባለሁ፣ ራሴ እመልሳለሁ።

ከአክብሮት ጋር

የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር