ጥቁሩን ጃኬት ተይው

ለልጄ፣ ለዓለሜ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን፣ እናትሽም ጉልበቷ ተሽሏታል። በስልክ «እሺ አባዬ» ብለሽ ስለምትዘጊብኝ ነው የምጽፍልሽ። ሚኒባስ የሚነዳው የጎረቤታችን ልጅ ትናንት ቤት መጥቶ ነበር። አመሻሹ ላይ ጠዳ አካባቢ አግኝቶሻል። «ጋሼ፣ አጠገቤ እስክትደርስ አላየኋትም» አለኝ። ጥቁር ሞተር፣ ጥቁር ሄልሜት፣ ጥቁር ጃኬት። ያን ማታ እራት አልወረደልኝም።

ጃኬቱ እንደሚያምርብሽ አውቃለሁ። ቢሮ ልበሽው፣ ለሰርግ ልበሽው። ሞተር ላይ ግን ተይው።

እኔ ዕድሜዬን መሪ ይዤ ነው የኖርኩት። ሹፌር ሞተር የማያየው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ሞተር ጠባብ ነው፣ በፊት መስታወቱ ዳር ያለው ቋሚ ብረት ብቻውን ይሸፍነዋል። ሹፌሩ ደግሞ ዓይኑ የሚጠብቀው አይሱዙና አውቶቡስ ነው። የዚያን የማክሰኝት መንገድ ነገር ለእናትሽም ግማሹን ነው የነገርኳት። ጓደኛዬ እየነዳ እኔ ጋቢና ነበርኩ፣ ወደ ጎንደር እየተመለስን የማታ ፀሐይ ፊት ለፊታችን። ወደ ግራ ሲታጠፍ መጀመሪያ ያየሁት ልጁን አይደለም፣ ሞተሩ መሪ ላይ የተንጠለጠለውን ነጭ ፌስታል ነው። ዳቦ ነበረበት። ልጁ ነፍሱ ተረፈች፣ እግሩ ግን አልዳነም። ጓደኛዬ «አላየሁትም» ሲል ሰዉ ሁሉ ውሸታም አደረገው። እኔ አጠገቡ ነበርኩ፣ እኔም አላየሁትም። ልጁን ሆስፒታል ሄጄ ሳልጠይቀው መቅረቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ስሚኝ፣ ጥቁሩን ጃኬት ተይው። ወንድምሽ በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣ የኒውዚላንድ ጥናት አንብቦልኛል። ደማቅ ወይም አንጸባራቂ ልብስ የለበሱ ሞተረኞች በአደጋ የመጎዳት ዕድላቸው በ37 በመቶ ያነሰ ነበር። ነጭ ሄልሜት ያደረጉት ደግሞ ጥቁር ካደረጉት በ24 በመቶ። መብራት ቀንም ማብራት ይረዳል፣ አታጥፊው።

ደማቁ ቢጫ የሚሠራው ቀን ነው። ከመሸ ዋጋ የለውም፣ ያኔ የምታድንሽ ብርማዋ አንጸባራቂ ጥብጣብ ናት፣ የመኪናውን መብራት ወደ ሹፌሩ ትመልሳለች። ሁለቱም ያለበት ሰደርያ ነው የሚያስፈልግሽ። በመስከረም ሜዳው አደይ ሲለብስ ቢጫው ከሜዳው ጋር ይመሳሰላል፣ ለዚያ ጊዜ ብርቱካናማው ይሻላል። ዝናብ ሲመጣ ሰደርያውን ከዝናብ ልብሱ በላይ አድርጊው፣ ብዙ ሰው ከሥር ነው የሚያደርገው። አቧራና ጭቃ ሲይዘው እጠቢው፣ የቆሸሸ ጥብጣብ አያንጸባርቅም።

የኔ እናት፣ እየተቆጣሁሽ አይደለም። ሞተሩንም ተይ አላልኩም። ያ ሁሉ ገበሬ በእግርሽ እንደማይዳረስ አውቃለሁ፣ በሥራሽም ኩራቴ ነሽ። ጃኬቱን ግን ተይው። ሰደርያውን ብትለብሺም መስቀለኛ መንገድ ላይ እንዳላዩሽ ቁጠሪው፣ ሹፌሩ ዓይንሽን እስኪያይ ፍጥነት ቀንሺ።

ነጭ ሄልሜትና ሰደርያ ከፒያሳ ገዝቼ በዚያው ሚኒባስ ልኬልሻለሁ፣ ነገ ጠዋት መናኸሪያ ጠብቂው። ሄልሜቱ ከሰፋሽ እንዳትጠቀሚበት፣ መልሽልኝና አስቀይረዋለሁ። ከዚያ የሥራ ቦርሳሽን አዝለሽ ከኋላ ፎቶ ተነሽና ላኪልኝ። ቦርሳው ጥብጣቡን ከሸፈነው ቦርሳው ላይ ሌላ እንሰፋለን።

አባትሽ
ጎንደር