ያንኑ ኮምፒውተር እንጂ የተሻለውን አትሥራ

ወዳጄ፣

እንደምን ሰነበትህ? «ሰነበትህ» ማለቱም ያሳፍራል፤ ያለፉት ሳምንታት ሳይሆኑ ዓመታት ናቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሰበብ አልደረድርም። በመጨረሻው ደብዳቤህ፣ ልጅ ሳለህ ቤታችሁ የነበረውን ኮምፒውተር ከድሮ ዕቃዎች መልሰህ ለመገጣጠም እንዳሰብክ ጽፈህ ምክር ጠይቀኸኝ ነበር። ውዝፉን ዛሬ በአንዴ ልክፈል።

ከሁሉ በፊት፣ ያንኑ ሥራ እንጂ የተሻለውን አትሥራ። ብዙ ሰው ያኔ ያላገኘውን ፈጣን ፕሮሰሰርና ያኔ የማይታሰበውን ራም ይሰበስብና ሲጨርስ ሌላ ማሽን ይሆንበታል። ጉዳዩ የናፍቆት ብቻ አይደለም። ቱርቦ ፓስካል በተባለው የፕሮግራም መጻፊያ የተጻፉ ብዙ የዶስ (የዊንዶውስ ቀዳሚ የሆነው ሥርዓት) ፕሮግራሞች ሲነሱ የማሽኑን ፍጥነት ይለካሉ፤ ከ200 ሜጋኸርዝ ገደማ ሲያልፍ የስሌቱ ውጤት ከተመደበለት ቦታ በላይ ይሆንና «ስህተት 200» ብለው ይዘጋሉ። ዊንዶውስ 95 ራሱ 350 ሜጋኸርዝና ከዚያ በላይ በሆኑት የኤኤምዲ ኬ6-2 ፕሮሰሰሮች ላይ ማስተካከያ ካልተጫነለት ሊነሳ እንኳ ይቸገራል።

የድሮው ፎቶ እጅህ ላይ አለና ከእሱ ጀምር። ፊት ለፊቱ ላይ የሜጋኸርዝ ቁጥር የሚያበራ ማሳያ ካለ አትመነው፤ ምንም አይለካም፣ ከጀርባው በጃምፐር (ሁለት ፒን በምታገናኝ ትንሽ ቆብ) የተሞላለትን ቁጥር ነው የሚያሳየው። የሚጠቅምህ የኪቦርዱ ሶኬት ነው። ክብ፣ ወፍራምና ባለ 5 ቀዳዳ ከሆነ ኬዙም (ሣጥኑ) ፓወር ሳፕላዩም (ኃይል ሰጪው) በአብዛኛው ኤቲ የተባለው የድሮው ዓይነት ናቸው።

ሥራውን ከፓወር ሳፕላዩ ጀምር። ታሪኩ ያልታወቀ ፓወር ሳፕላይ ከማዘርቦርድ (ሁሉም ዕቃ ከሚሰካበት ዋና ቦርድ) ጋር አገናኝቶ «እስቲ ይበራ እንደሆነ» ማለት፣ ምትክ የማይገኝለትን ቦርድ በእጅ ማቃጠል ነው። መጀመሪያ ከጀርባው ያለው የ115/230 መምረጫ ከቤትህ መብራት ጋር መስማማቱን እይ፤ 115 ላይ ሆኖ 230 ከተሰካበት ውስጡ ይፈነዳል። ከዚያ ማዘርቦርዱን ሳታገናኝ፣ ቢቃጠል የማያስቆጭ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ብቻ ሰክተህ አብራው። የዚያ ዘመን ፓወር ሳፕላዮች ሸክም ከሌለባቸው ወይ አይነሱም ወይ የተዛባ ቮልት ይሰጣሉ። በመልቲሜትር ስትለካ ቀዩ ሽቦ ከ4.75 እስከ 5.25፣ ቢጫው ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት መሆን አለበት። ከዚህ ከወጣ መጀመሪያ የምጠረጥረው የደረቁ ካፓሲተሮችን (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙትን ዕቃዎች) ነው። ክዳኑን ከከፈትክ ተጠንቀቅ፤ ከግድግዳ ከተነቀለ በኋላም ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ከ300 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። በኤቲ ኬዝ ላይ ደግሞ የፊት ለፊቱ ማብሪያ የሚያቋርጠው የግድግዳውን መብራት ራሱን ስለሆነ፣ የሽቦዎቹ ጫፍ ሽፋን ከተላጠ ጣትህ የሚነካው ሙሉውን ኃይል ነው።

ወደ ማዘርቦርዱ የሚገቡት ሁለት መሰኪያዎች ፒ8 እና ፒ9 ይባላሉ። ተለዋውጠውም ስለሚገቡ ብዙ ቦርድ ያለቀው በእነሱ ነው። ጥቁሮቹ ሽቦዎች መሀል ላይ ጎን ለጎን ይሁኑ፤ ሕጉ ይኸው ነው። ዘመናዊ ፓወር ሳፕላይ በአዳፕተር ማስገባትም ይቻላል፤ ግን አዲሶቹ ጉልበታቸው 12 ቮልቱ ላይ ነው፣ አሮጌው ቦርድ የሚመገበው ከ5 ቮልቱ ነው። አንዳንድ የጥንት ካርዶች የሚፈልጉት ኔጌቲቭ 5 ቮልትም በአዲሶቹ ላይ የለም።

ማዘርቦርድ ስትመርጥ መጀመሪያ ባትሪውን እይ። ከፔንቲየም በፊት በነበሩት የ386 እና የ486 ቦርዶች ላይ የተበየደው በርሜል መሳይ ባትሪ ያፈስና በዙሪያው ያሉትን የመዳብ መስመሮች ይበላል፤ አረንጓዴ ዝገት ካየህ ባትሪውን ቆርጠህ አውጣ፣ ቦታውን በኮምጣጤ አርሰህ እጠብ፣ በመጨረሻም በአይሶፕሮፒል አልኮል አጽዳ። ኮምጣጤው የሚሠራው የሚያፈሰው ነገር አሲድ ሳይሆን አልካሊ ስለሆነ ነው። የፔንቲየም ቦርዶች በአብዛኛው ሳንቲም መሳዩን ሲአር2032 ስለሚጠቀሙ ከዚህ ጣጣ ነፃ ናቸው።

ማሽናችሁ ዊንዶውስ 95 የነበረበት ፔንቲየም ኤምኤምኤክስ 200 ነው ብለን እንነሳ። ጃምፐሩን ባስ (የቦርዱ ፍጥነት) 66 ሜጋኸርዝ፣ ማባዣ (የቦርዱን ፍጥነት ለፕሮሰሰሩ የሚያበዛው) 3፣ የፕሮሰሰሩን ኮር (ዋና ክፍል) 2.8 ቮልት ላይ አድርግ። ከኤምኤምኤክስ በፊት የነበረው ፔንቲየም 3.3 ቮልት ገደማ ነበር የሚፈልገው፤ የእሱን ጃምፐር ሳትቀይር ኤምኤምኤክሱን ከተከልክ ፕሮሰሰሩ ይግላል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ባለ 72 ፒኑን ራም ጥንድ ጥንድ አድርገህ ሰካ፤ ፔንቲየም በአንድ ጊዜ 64 ቢት ያነባል፣ አንዷ ራም የምትሰጠው 32 ነው። ከ64 ሜጋባይት አትለፍ። በኢንቴል 430ቲኤክስ ቺፕሴት (የቦርዱን ሥራ የሚያቀናጁ ቺፖች) ካሽ (ፈጣኑ ትንሽ ሜሞሪ) የሚሸፍነው የመጀመሪያውን 64 ብቻ ነው፤ ዊንዶውስ ደግሞ ሜሞሪን ከላይ ወደ ታች ስለሚወስድ፣ 128 ያስገባህበት ማሽን ከበፊቱ ሲዘገይ ታያለህ።

ወደ ኬዙ ከማስገባትህ በፊት ካርቶን ላይ ሞክረው። ቦርድ፣ ፕሮሰሰር ከነፋኑ፣ ራም፣ ግራፊክስ ካርድና ትንሿ ስፒከር ይበቃሉ። አንድ አጭር ጩኸት ደህና ነው። አዋርድ በተባለው ባዮስ (ማሽኑን የሚያስነሳው፣ ቦርዱ ላይ ያለ ፕሮግራም) አንድ ረጅም ሁለት አጭር ከጮኸ ግራፊክስ ካርዱን ነቅለህ የወርቅ ጥርሶቹን በአልኮል ጠርገህ መልስ። ፍሎፒ ድራይቩን ስትጨምር መብራቱ ሳያቋርጥ ከበራ ገመዱ ተገልብጧል።

ትዕግሥትህን ለሳውንድ ካርዱ ቆጥብ። ከሁሉም ዕቃ ይበልጥ «ይኸ የእኛ ቤት ነው» የሚያሰኝህ እሱ ነው። ሳውንድ ብላስተር 16 ስትፈልግ ሥሪቱን ለይ፤ በኋላ የወጡት አንዳንዶቹ ሙዚቃውን የሚያወጣውን የያማሃን ዋይኤምኤፍ262 ቺፕ ትተው የራሳቸውን ምትክ ስላስገቡ ሙዚቃቸው ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል። ካርዱ ከማሽኑ ጋር የሚነጋገርባቸውን ቁጥሮች አድራሻ 220፣ አይአርኪው 5፣ ዲኤምኤ 1 እና 5 አድርግና በባዮሱ ውስጥ አይአርኪው 5ን ለአይኤስኤ (ለድሮው ዓይነት ማስገቢያ) ካርድ አስይዝ፤ አለዚያ አንዱ የፒሲአይ (የአዲሱ ዓይነት ማስገቢያ) ካርድ ይወስድብሃል። ሰው ሁሉ የሚረሳት አንዲት ቀጭን ገመድም አለች፤ ከሲዲ ድራይቩ ጀርባ ወደ ሳውንድ ካርዱ የምትሄደው ባለ 4 ፒኗ። እሷ ከሌለች ጨዋታው ይሠራል፣ ሙዚቃው ግን ጭጭ ይላል፤ ሰውም ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም) ሲቀያይር ይውላል።

በሃርድ ዲስክ ቦታ ኮምፓክት ፍላሽ (የድሮ ካሜራዎች ሜሞሪ ካርድ) በአዳፕተር ይሠራል። የብዙዎቹ የዚያ ዘመን ባዮሶች ጣሪያ 8.4 ጊጋባይት ስለሆነ ባለ 4 ጊጋ ካርድ ይበቃሃል። የመጀመሪያው ዊንዶውስ 95 ፋት16 የተባለውን የዲስክ አደረጃጀት ብቻ ስለሚያውቅ በ2 ጊጋባይት ክፈለው። ተጭኖ አልነሳ ካለ ኤፍዲስክ የተባለውን የዶስ ዲስክ መክፈያ ከ/ኤምቢአር ጋር (fdisk /mbr ብለህ) አሂድ። እኔን ከጠየቅከኝ ግን ጤነኛ ሃርድ ዲስክ ካገኘህ እሱን ተጠቀም፣ ፍላሹን ለመጠባበቂያ ቅጂ አስቀምጠው። ያ የማንኳኳት ድምፅ ከሌለ ማሽኑ ምን እየሠራ እንደሆነ አታውቅም።

ዊንዶውሱን ስትጭን በሲዲ አይነሳልህ ይሆናል፤ የሲዲ ድራይቨር ያለበት የዶስ ፍሎፒ አዘጋጅ። ከሲዲው ላይ የዊን95ን ፎልደር ወደ ሃርድ ዲስኩ ገልብጠህ ከዚያ ጫን፤ ድራይቨር በጨመርክ ቁጥር ሲዲ አምጣ እያለ ሲጨቀጭቅህ ከመዋል ያድንሃል።

ሞኒተሩ ባለ ቱቦው ይሁን። የዶስ ጨዋታዎች 320 በ200 ምስላቸውን ለ4፡3 መስታወት ነው የሣሉት፤ ሰፊው ጠፍጣፋ ስክሪን ላይ ሰዉ ሁሉ ድፍጥጥ ይላል። ቱቦውን ግን ከፍተህ አትነካካ፤ ውስጡ ከ20,000 ቮልት በላይ ነው። ቢጫ የሆነውን ኬዝ በ12 በመቶ የሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ክሬም ቀብቶ ፀሐይ ላይ ማንጣት ይቻላል፤ ክሬሙ የደረቀበት ቦታ ግን ዥንጉርጉር ሆኖ ይቀራል፣ ቢጫውም ውሎ አድሮ ይመለሳል። እኔ ብሆን እንዳለ እተወዋለሁ።

ቦርዱን ስታገኝ ጃምፐሮቹ አጠገብ የታተመውን ሠንጠረዥና የቺፕሴቱን ቁጥር ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ፒ8 እና ፒ9ን ሳትሰካ ላከው፤ መልሱን በዚያው ሳምንት እጽፍልሃለሁ።

የማይረሳህ ወዳጅህ