የጭጎጎት ዓመት፦ የዕፅዋት ክበብ ዘገባ

መስከረም ላይ ክበቡ ሲጀመር ተማሪዎቹ ብርቅ ዕፅ ፍለጋ እንጦጦ የምንወጣ መስሏቸው ነበር። እኔ ግን አጥር ጥግ ወሰድኳቸው። ጭጎጎት!

«ቲቸር፣ ይሄ እኮ አረም ነው» አለችኝ አንዷ የ9ኛ ክፍል ተማሪ፣ ካልሲዋ ላይ የተለጠፈውን እየነቀለች።

አረምነቱስ አረም ነው። የትውልድ ቦታው የአሜሪካ አህጉር ነው፤ ዛሬ ሞቃታማ አገር ሁሉ የሱ ሆኗል። የተጓዘውም እንዲሁ በሰው ልብስና በከብት ፀጉር ላይ ነው። ጥቁሯን ፍሬ በአጉሊ መነጽር አየናት። ጫፏ ላይ ሁለት ሦስት እሾህ አለ፤ እሾሁ ላይ ደግሞ ወደ ኋላ የተቀለበሱ ጥቃቅን ጥርሶች። የሳይንስ ስሙ መጀመሪያ፣ ቢደንስ፣ በላቲን «ባለ ሁለት ጥርስ» ማለት ነው። አደይ አበባም ቢደንስ ናት ስላቸው ያመነኝ የለም።

ናሙናውን ለማድረቅ በጋዜጣ መሃል አድርገን፣ በካርቶን ደግፈን፣ ድንጋይ ጫንንበት። ጋዜጣው በየቀኑ መቀየር አለበት። መስቀል መጣና ትምህርት ቤት ተዘጋ። ስንመለስ ሁሉም ሻግቷል። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ተረኛ አልመደብኩም። ጥቅምት ላይ እንደገና ለቀምን።

ኅዳር ላይ አራት ኪሎ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም፣ የደረቁ ዕፅዋት ማከማቻው፣ ሄድን። የደረቀው ዕፅ ወረቀት ላይ ተለጥፎ ጥግ ላይ መለያ አለው፦ የት፣ መቼ፣ በስንት ሜትር ከፍታ፣ መንገድ ዳር ወይስ ማሳ ውስጥ፣ ማን ለቀመው። አንድ አረም የት መቼ እንደደረሰ የሚታወቀው ከዚህ ነው። መለያ ከሌለው ድርቆሽ ነው።

ተመልሰን የራሳችንን ስናይ አፈርን። አንዱ «4/2/17፣ ግቢ ውስጥ» ይላል። ልጁ ጥቅምት 4 ቀን 2017 ማለቱ ነው። የውጭ አገር ሰው ግን ፌብሩዋሪ 4 ብሎ ያነበዋል፤ ክረምቱ ገና የወጣበት ወር በጋ መሃል ይገባል፣ ዓመቱም ከሰባት በላይ ወደ ኋላ ይሸሻል። ግቢስ የማን ግቢ? ሁሉንም እንደ አዲስ ጻፍነው፤ ወሩን በፊደል፣ ዓመቱን በሁለቱም አቆጣጠር። ከፍታውን ከስልክ ወሰድን። ሦስት ስልክ ሦስት ቁጥር ሰጠን፤ «በግምት» የሚል ቃል ጨመርንበት።

ዓመቱን በ23 ናሙና ዘጋን። የጥበቃው ጋሼ «ይሄን አረም ልንቀለው?» እያሉ ነው። ለመስከረም እንዲተዉልን ለምነናቸዋል።